የማለዳው ክፍል

ወጣቶች ሆይ፥ በየጧቱ ደወል ተደውሎ፥ ስም ተጠርቶ፥ ሁላችሁም አንድ ገጽ ገልጣችሁ ዝም ስትሉ፥ ይህ ሥርዓት ከጥንት የነበረ ይመስላችሁ ይሆናል። በአገራችን ግን የቅርብ ዘመን ነገር ነው።

እኔ ፊደል የቆጠርሁት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ በዛፍ ጥላ ሥር ነው። ፀሐይ ሳትሞቅ እንሰበሰባለን፤ ወንበርም ሰሌዳም የለም። አንዱ በስንደዶ እየጠቆመ «ሀ ግእዝ፥ ሁ ካዕብ» ይላል፤ ሌላው አቡጊዳ ይላል፤ ከፍ ያለው የዮሐንስን መልእክት ያነባል፤ ከሁሉ የቀደመው ዳዊት ይደግማል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጮኻል። ለመንገደኛ ሁካታ ነው፤ የኔታ ግን ጋቢያቸውን ተከናንበው፥ ዓይናቸውን ከድነው፥ ከዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል አንድ ልጅ አንዲት ፊደል ቢስት በስሙ ጠርተው ያርሙታል። ቀደም ያለውም ልጅ ተከታዩን ያስጠናል። አለንጋውን አልናፍቅም፤ ሴቶች ልጆችም በዚያ ጥላ ሥር እጅግ ጥቂት ነበሩ።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲያቋቁሙ፥ ካህናቱ የባዕድ ሃይማኖት እንዳይገባ ሠጉ። ስለዚህ መምህራኑ ከግብፅ፥ ከቅብጥ ክርስቲያኖች ወገን መጡ፤ ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም ግብፃዊ ነበሩ። ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. ደግሞ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከፈተ። ስለ ሃይማኖቱና ስለ ቋንቋው ብዙ ተባለ፤ ስለ ዝምታው ግን የተከራከረ ሰው መኖሩን አልሰማሁም። ለእኔ ግን ትልቁ ለውጥ እርሱ ነበረ።

ዳዊት ከደገምሁ በኋላ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገባሁ። በየጧቱ ስሜ ሲጠራ «አቤት!» እላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ድምፄ አይሰማም። ሒሳብ ላይ ማካፈል አልገባኝም ነበር። መምህሩ «ገባችሁ?» ሲሉ ክፍሉ በሙሉ «አዎን!» ይላል፤ እኔም እላለሁ። ሦስት ወር እንዲህ አለፈ። በየኔታ ዘንድ ቢሆን አንዲት ጧት እንኳ መደበቅ ባልቻልሁ ነበር፤ በዚህ ግን ዝምታው ሸፈነኝ፤ እኔም መሸፈኑን ወደድሁት።

ያወቀብኝ አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ነው። እርሱም እንደኔ ከቄስ ትምህርት ቤት የመጣ ነበረ። አንድ ቀን «ነገ ከደወሉ በፊት ና» አለኝ። በማግሥቱ በባዶው ክፍል ከጥቁር ሰሌዳው ፊት አቁሞ፥ ቁጥሩን በጣቱ እያመለከተ፥ «በልብህ አይደለም፤ ጮኸህ በል!» አለኝ። እየጮኽሁ አካፈልሁ፤ ስስት እርሱ ከእኔ በላይ ጮኾ ያርመኛል። ዘበኛው የተጣላን መስሎት ዱላውን ይዞ በመስኮት ብቅ አለ።