የመኪናው ሰም ለምን አይበረክትም?

ልጅ ሆኜ ቅዳሜ ቅዳሜ የአባቴን ቮልስ የማጥበው እኔ ነበርኩ። በልብስ ሳሙና ዱቄት፣ ያውም አረፋው ደጁን እስኪሞላው! አባባ በበኩሉ ከደመወዙ ቆጥቦ የገዛውን ሰም እሁድ ይቀባታል። በሳምንቱ እኔ አጥቤ እደፋዋለሁ። «ሌባ! ውሃ ነው የሸጠልኝ» እያለ ሰም ሻጩን ይረግማል። ጥፋተኛው እኔ መሆኔን ያወቅኩት ቮልሷ ደብዝዛ፣ በርካሽ ከተሸጠች በኋላ ነው።

እስኪ ነገሩን ከሥሩ እንየው (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው)።

ድሮ መኪና እንደ ሠረገላ በቫርኒሽ ነበር የሚቀባው። ለመድረቅ ሳምንታት ይፈጃል፣ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ይሰነጣጠቃል። በ1920ዎቹ የአሜሪካው ዱፖንት ዱኮ የተባለውን ቀለም አመጣና የሳምንታቱን ሥራ ወደ ሰዓታት አወረደው። ጄኔራል ሞተርስም የ1924ቱን ኦክላንድ በሰማያዊ ዱኮ ቀብቶ አወጣ። ችግሩ ይኸኛውም ፀሐይ ላይ ሲቆይ እንደ ጠመኔ ይነጫል። ስለዚህ መወልወልና ሰም መቀባት የባለመኪና የዘወትር ሥራ ሆነ።

የሰሞች ንጉሥ ካርናውባ ነው። በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል የሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ዛፍ በበጋ ውሃው እንዳይተንበት ቅጠሉን የሚለብሰው ሰም ነው። የወለል ሰም አምራቹ የኤስ ሲ ጆንሰን መሪ ኸርበርት ጆንሰን በ1935 ይህንኑ ዛፍ ሊያጠና ከአሜሪካ ብራዚል ድረስ በውሃ ላይ በሚያርፍ አውሮፕላን በሯል። ለሰም!

ካርናውባ ከተፈጥሮ ሰሞች ሁሉ ጠንካራው ነው፤ ለመቅለጥ ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይፈልጋል። ነገር ግን ቀለሙ ላይ ተደግፎ ይቀመጣል እንጂ ከቀለሙ ጋር አይዋሃድም። ስለዚህ ሙቀት፣ ፀሐይ፣ ዝናብና ሳሙና ቀስ በቀስ ይበሉታል። ቢበዛ ከሳምንታት እስከ ሁለት ወር ገደማ ነው ዕድሜው። በኋላ የመጡት ሰው ሠራሽ መከላከያዎች (ሲላንት) ቀለሙን የበለጠ ስለሚጨብጡ ለወራት ይቆያሉ። ሴራሚክ የሚባለው ደግሞ በደንብ ከተቀባ ዓመታት ይዘልቃል።

«በደንብ ከተቀባ» የምትለዋ ናት ቁም ነገሯ። አቧራና ቅባት ላይ የተቀባ ማንኛውም መከላከያ የሚይዘው ቆሻሻውን ነው፤ ቆሻሻው ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። የልብስ ሳሙና ደግሞ ቅባት ሊያስለቅቅ የተሠራ ነው፤ ሰሙን ከሸሚዝ ቅባት አይለየውም። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር ይበረታል፤ አየሩ ቢቀዘቅዝም ቀለሙ ይቃጠላል።

እንግዲህ የመኪና ሻምፑ ግዙ፣ ጥላ ፈልጉ፣ ከመቀባታችሁ በፊት በደንብ አጽዱ። ውሃ ጣል ስታደርጉበት እንደ ዶቃ ካልተንከባለለ ሰሙ ሄዷል ማለት ነው።

ሰም ሻጩ ሆይ፣ የትም ብትሆን፣ በአባባ ስም ይቅርታ። ሌባው እኔ ነበርኩ።