ኤክስተርናል (ፑር ዳታ)

ኤክስተርናል ማለት ተጠቃሚዎች ራሳቸው ሠርተው ፑር ዳታ በተባለው የፕሮግራም መሥሪያ ላይ የሚጨምሩት መሣሪያ ነው። ፑር ዳታ (በአጭሩ ፒዲ) አሜሪካዊው ሚለር ፓኬት በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ለሙዚቃና ለድምፅ ሥራ የፈጠረው ነጻ ሶፍትዌር ነው። በፒዲ ፕሮግራም የሚሠራው ሳጥኖችን በመስመር በማገናኘት ነው፤ የተገናኙት ሳጥኖች ፓች ይባላሉ።

አሠራር

አዲስ ሳጥን በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው አብስትራክሽን ነው፤ ይህም በሌላ ፓች ውስጥ እንደ አንድ ሳጥን የሚገባ ፓች ነው። ውስጡ የፒዲ የራሱ ሳጥኖች ብቻ ካሉ ፒዲ ባለበት ኮምፒዩተር ሁሉ ይሠራል። ሁለተኛው ኤክስተርናል ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሲ ቋንቋ ተጽፎ ወደ ማሽን ቋንቋ ስለሚቀየር ለዊንዶውስ፣ ለማክና ለሊኑክስ ለየብቻ መዘጋጀት አለበት።

ማጋራት

ፓቹ የሚፈልገው ኤክስተርናል በተቀባዩ ኮምፒዩተር ላይ ከሌለ ሳጥኑ በተቆራረጠ መስመር ተከቦ ይታያል እንጂ አይሠራም። ስለዚህ ፓቹን የሚያጋራ ሰው የተጠቀመባቸውን ኤክስተርናሎች አብሮ ይሰጣል ወይም ስማቸውን ይገልጻል። ቀድሞ ብዙዎቹን በአንድነት የያዘ ፒዲ ኤክስቴንድድ የተባለ እትም ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣው 0.47 እትም ዴከን የተባለው መፈለጊያ በፒዲ ውስጥ ተካተተ፤ በእርሱም ተጠቃሚው ኤክስተርናሉን በስሙ ፈልጎ ያወርዳል።

ጥሩ ጥቅል የእገዛ ፓችና የምንጭ ኮድ ይኖረዋል። ኮዱ ካለ፣ ሠሪው ሥራውን ቢተወውም ሌላ ሰው ለአዲስ ኮምፒዩተር እንደገና ሊያዘጋጀው ይችላል። ከሌለ ግን በእርሱ ላይ የተመሠረተው የሙዚቃ ሥራ ጭምር መሰማቱ ሊቀር ይችላል።