የዙላ ወሽመጥና አዱሊስ

ከምጽዋ በስተደቡብ በኤርትራ ጠረፍ የሚገኘው የዙላ ወሽመጥ ዛሬ ጭር ያለ ነው። የአዱሊስ ፍርስራሽ ከውሃው ርቆ ስለሚታይ፥ «ባሕሩ ሸሽቶ ይሆን?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ነገር ግን በ1ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የኤርትራ ባሕር መምሪያ፥ ከተማይቱ ያን ጊዜም ከባሕሩ 20 ስታድያ፥ ማለት ወደ 4 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ እንደ ራቀች ይመሰክራል። የአክሱምን የዝሆን ጥርስ የሚጭኑት መርከቦችም ከየብስ የሚመጣውን ወራሪ ፈርተው በደሴት ይቆሙ ነበር። እንግዲህ አዱሊስን ወደብ ያሰኛት ወሽመጡ ነው። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የናፒየር ጦር የወረደውም በዚሁ ወሽመጥ ነው። ስለዚህ የታሪክ ተማሪ ከፍርስራሹ ጋራ ውሃውንም መመርመር ይገባዋል።