ዓለማዊ

በቤተ ክርስቲያን አነጋገር «ዓለማዊ» ሰው ከነፍሱ ይልቅ ለሥጋው የሚያደላ ነው፤ ዘፈንም ዓለማዊ የሚባለው ከመዝሙር ሲለይ ነው። የሕግ ሰዎች ግን በዚሁ ቃል ሃይማኖትንና መንግሥትን የለየ ሥርዓትን ይጠሩበታል። ስሕተቱ የሚመጣው ሁለቱ ሲደራረቡ ነው፤ መንግሥቱ ዓለማዊ ከሆነ ሕዝቡም እምነቱ ላልቷል ተብሎ ይደመደማል። የአፋር ምድር ይህን አያረጋግጥም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖር ደነገገ፤ የ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ደግሞ ከክልሉ ነዋሪ 95 በመቶ ያህሉን ሙስሊም ብሎ መዘገበ። በክልሉ መቀመጫ በሰመራ ያሉት ቢሮዎች የሚተዳደሩት በመንግሥት ሕግ ነው። ያው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 34፣ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የጋብቻና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ በር ከፍቷል። መለየት ማለት ማራቅ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ቆጠራ ስምን እንጂ እምነትን አይቆጥርም የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ሆኖም ፒው የተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ከጠየቃቸው ኢትዮጵያውያን 98 በመቶው ሃይማኖት በሕይወታቸው እጅግ አስፈላጊ ነው ብለዋል። መልሱ ይሉኝታ አለበት ቢባል እንኳ፣ ሰው አማኝ መስሎ መታየት የሚሻበት አገር እምነት የከሰመበት አይደለም። ከተሜነትስ? በባቡር ጣቢያ ዙሪያ ያደገችው የአፋሯ ከተማ አዋሽ ሰባት ኪሎ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው የተቀላቀለባት ናት፤ መቀላቀል ግን የጎረቤትን ዓይነት ያበዛል እንጂ በራሱ አማኝን አይቀንስም። እንግዲህ ጸሐፊዎች ሆይ፣ መንግሥትን «ከሃይማኖት የተለየ» እንበለው፤ «ዓለማዊ»ን ለሰውና ለዘፈን እንተው።