ድምፅና ምስል በክፍት የመልእክት መረብ ላይ የተጨመሩበት ታሪክ

በኢንተርኔት ጽሑፍ መላላክ ከተለመደ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። በዚያው መንገድ ድምፅና ምስል ማስተላለፍ ግን ብዙ ድካም የጠየቀ ሥራ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ውይይት በተነሣ ቍጥር አንድ አስተያየት ተደጋግሞ ይሰማል፤ ይኸውም ክፍት የሆነው የመልእክት መረብ በግል ኩባንያዎች መረብ የተሸነፈው ጥሪን ዘግይቶ ስለ ጨመረ ነው የሚል ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው፥ የዓመታቱ ቅደም ተከተል ሲመረመር ይህ አስተያየት ግማሽ እውነት ብቻ መሆኑን ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ክፍት መረብ ማለት ምን እንደ ሆነ መግለጽ ያስፈልጋል። ደብዳቤ የሚልክ ሰው ለአገሩ ፖስታ ቤት ይሰጣል፤ ደብዳቤው ግን በሌላ አገር ፖስታ ቤት በኩል ለተቀባዩ ይደርሳል። የሁለቱ ፖስታ ቤቶች ባለቤት ልዩ ልዩ ሲሆን የሚሠሩበት ደንብ አንድ ነው። ጄረሚ ሚለር የተባለ አሜሪካዊ በጃንዋሪ 1999 ለሕዝብ ያስታወቀው ጃበር የተባለው ሥራ የታሰበው በዚህ ዓይነት ነበር። ማናቸውም ኩባንያ፥ ትምህርት ቤት ወይም ግለሰብ የራሱን ሰርቨር አቁሞ ከሌሎች ሰርቨሮች ጋር መልእክት መለዋወጥ ይችላል። የኢንተርኔትን ደንቦች የሚያዘጋጀው አይ.ኢ.ቲ.ኤፍ. የተባለው ጉባኤ ይህን ደንብ ኤክስ.ኤም.ፒ.ፒ. በሚል ስም በኦክቶበር 2004 አሳተመው። በዚያ ዘመን ሰፊ ደንበኛ የነበራቸው የኤ.ኦ.ኤል.፥ የያሁና የማይክሮሶፍት የመልእክት አገልግሎቶች ግን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው አጥር ውስጥ የሚሠሩ ነበሩ።

ይህ መረብ ለጽሑፍ የተመቸ ሲሆን ለድምፅ ያልተመቸበት ሁለት ምክንያት አለ።

አንደኛው ምክንያት የጊዜ ነገር ነው። የጃበር መልእክት የሚሄደው ቲ.ሲ.ፒ. በተባለው ደንብ ነው፤ በዚህ ደንብ አንድ ቍራጭ በመንገድ ቢጠፋ፥ ተመልሶ እስኪላክ ድረስ የኋለኞቹ ይጠብቃሉ። ለጽሑፍ ዘግይቶ መድረስ ጠፍቶ ከመቅረት ይሻላል። ለድምፅ ግን ተቃራኒው ነው፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚደርስ ድምፅ ጨዋታውን ከማደናቀፍ በቀር ጥቅም የለውም። ስለዚህ ድምፅ ሌላ መንገድ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው ምክንያት የአድራሻ ነገር ነው። የኢንተርኔት አራተኛው የአድራሻ ሥርዓት 4.3 ቢሊዮን ያህል አድራሻ ብቻ ስላለው፥ በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ የሚቆመው ራውተር አንዱን የውጭ አድራሻ ለብዙ መሣሪያዎች ያካፍላል። ከውስጥ ወደ ውጭ የሚሄደው ያልፋል፤ ከውጭ ሳይጠራ የሚመጣው ግን በሩ ላይ ይቀራል። ጽሑፍ ላኪውም ተቀባዩም ወደ ሰርቨር ራሳቸው ስለሚሄዱ ችግር የለባቸውም። በቀጥታ ሊነጋገሩ የሚፈልጉ ሁለት ሰዎች ግን ሁለቱም በር ዘግተው እንደ ተቀመጡ ጎረቤቶች ይሆናሉ። በ2003 የታተመው ስተን የተባለው ደንብ አንድ መሣሪያ ከውጭ የሚታይበትን አድራሻ ጠይቆ እንዲያውቅ አስችሏል። ይህ በማይሠራበት ቦታ ድምፁን ተቀብሎ የሚያሳልፍ ሰርቨር ማቆም ግድ ነው፤ ይህም ወጪ አለው።

ስካይፕ በኦገስት 2003 ወጥቶ በኢንተርኔት መነጋገር ለተራው ሰው እንደሚቻል አሳየ፤ ነገር ግን ደንቡ ምስጢር ነበር። ጎግል በኦገስት 2005 ጎግል ቶክን ሲያወጣ የመልእክቱን ሥራ በኤክስ.ኤም.ፒ.ፒ. ላይ አቆመው፤ ከመጀመሪያውም ድምፅ ነበረው። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ሊብጂንግል የተባለውን የፕሮግራም ጽሑፍ ለማንም ሰው ሰጠ፤ ከጃበር ሰዎች ጋርም ሆኖ ጂንግል የተባለውን ደንብ በረቂቅ አወጣ።

የጂንግል ዋና ሐሳብ ጥሪውን ከድምፁ መለየት ነው። ጥሪ መጀመር፥ መቀበልና መዝጋት በሰርቨሮቹ በኩል በመልእክት ይፈጸማል፤ ሁለቱ ወገኖች የሚያውቋቸውን የድምፅ ዓይነቶችና አድራሻዎቻቸውን የሚነጋገሩትም በዚሁ ነው። ድምፁና ምስሉ ግን ሲቻል በቀጥታ ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ ይጓዛሉ። ሰርቨሩ እንደ አገናኝ ሽማግሌ ነው፤ ካስተዋወቃቸው በኋላ ጨዋታው የሁለቱ ነው።

በጃንዋሪ 2006 ጎግል ሰርቨሩን ለሌሎች ሰርቨሮች ከፈተ። ይሁን እንጂ ጎግል ቶክ የሚናገረው ቋንቋና በረቂቁ ውስጥ እየተሻሻለ የሄደው ቋንቋ ፍጹም አንድ አልነበሩም፤ ስለዚህ ሌሎች ፕሮግራም ሠሪዎች ሁለቱንም ለመቻል ይደክሙ ነበር። ጂንግል ከረቂቅነት ወደ ደንብነት ደረጃ ያለፈው በ2009 ነው። ፒጅን የተባለው ነፃ ፕሮግራም ድምፅና ቪዲዮ የጨመረው በዚያው ዓመት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ማነጻጸሪያ ማቅረብ ይገባል። በ2009 የተመሠረተው ዋትስአፕ ሥራውን የጀመረው ከኤክስ.ኤም.ፒ.ፒ. በተወሰደና በተለወጠ ደንብ ነው፤ ነገር ግን ከሌላ ሰርቨር ጋር አይገናኝም ነበር። የድምፅ ጥሪ የጨመረው በ2015፥ የቪዲዮ ጥሪ የጨመረው ደግሞ በ2016 ነው። እንግዲህ የክፍቱ መረብ ረቂቅ ከዋትስአፕ ጥሪ አሥር ዓመት ያህል ይቀድማል። መዘግየት ብቻውን የሽንፈት ምክንያት ቢሆን ኖሮ መሸነፍ የነበረበት ዋትስአፕ ነበር።

በበኩሌ እንደሚመስለኝ የጐደለው ደንብ ሳይሆን መተማመን ነው። ዋትስአፕ አንድ ቀን ሲወስን በሁሉም ስልክ ላይ አንድ ዓይነት ጥሪ ይሠራል። በክፍቱ መረብ ግን ጠሪው የተጠሪው ፕሮግራም ጂንግልን ማወቁን፥ የድምፁን ዓይነት መቻሉን፥ የሰርቨሩ ባለቤት ድምፅ የሚያሳልፍ ሰርቨር ማቆሙን አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም ነበር። ጽሑፍ ባይደርስ ሰው እንደ ገና ይጽፋል። በሩቅ አገር ያለች እናቱን ደውሎ ድምፅ ያጣ ሰው ግን ሁለተኛ በዚያ መንገድ አይመለስም።

በ2013 ጎግል ሃንግአውትስን ሲያወጣ ከሌሎች ሰርቨሮች ጋር የመገናኘቱን ነገር ተወው፤ ጎግል ቶክም በ2022 ፈጽሞ ተዘጋ። መረቡ ትልቁን ጎረቤቱን አጣ። ነገር ግን የተሰጠው ሥራ ከሰጪው ተለይቶ ኖረ። ጎግል በ2011 ለሕዝብ የለቀቀው ዌብአር.ቲ.ሲ. ከሊብጂንግል የወረሰው ክፍል አለው፤ ኮንቨርሴሽንስ የተባለው የአንድሮይድ ፕሮግራም በ2020 ጥሪ የጨመረው ይህንኑ ዌብአር.ቲ.ሲ. ከጂንግል ጋር አጣምሮ ነው። ዲኖ የተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራምም በ2022 ተከተለው።

የአውሮፓ ኅብረት በ2022 በሥራ ላይ ያዋለው የዲጂታል ገበያዎች ሕግ ለዚህ ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው። ሕጉ ታላላቅ የመልእክት አገልግሎቶች ለሚጠይቋቸው ሌሎች አገልግሎቶች በራቸውን እንዲከፍቱ ያዛል። ዋትስአፕ በሴፕቴምበር 2023 በዚህ ሕግ ሥር ገብቷል። ሕጉ በሁለት ሰዎች መካከል የሚደረገውን የጽሑፍ መልእክት ሲያስቀድም፥ ለድምፅና ለቪዲዮ ጥሪ ግን የአራት ዓመት ጊዜ ሰጥቷል። ሕግ አውጪዎቹም ጽሑፍን ከጥሪ ማገናኘት እንዲቀል፥ ጥሪም ጊዜ እንደሚፈልግ ተረድተዋል ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፥ ክፍት መረብ ድምፅን ለመሸከም የማይችል አለመሆኑን ነው። የሚጠይቀው ግን ደንብ ጽፎ ማሳተምን ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ ሰርቨር ያዥና እያንዳንዱ ፕሮግራም ሠሪ ደንቡን በሙሉ እንዲፈጽም፥ የማሳለፊያውንም ወጪ እንዲካፈል ያስፈልጋል። አንድ ትልቅ ድርጅት ይህን ሸክም ብቻውን ሲይዝ ሥራው ይፈጥናል፤ ድርጅቱ ሲሄድ ግን ፍጥነቱ አብሮት ይሄዳል። ብዙዎች ተካፍለው የያዙት ሥራ ቢዘገይም የሚቀር ይሆናል።