የደም ብድር በከሰል አገር

ፔንስልቬንያ በሚባለው የአሜሪካ ግዛት፣ በስተ ምሥራቅ በኩል ባሉት ተራሮች ሥር፣ ሲነድ ጭሱ ጥቂት ሙቀቱ ግን ብርቱ የሆነ ጠንካራ የድንጋይ ከሰል ስለሚገኝ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የድንች ሰብላቸው ጠፍቶ የወረደባቸውን ጽኑ ረኃብ ሸሽተው ባሕር የተሻገሩ ብዙ የአየርላንድ ሰዎች በዚያ ሠፍረው በጉድጓድ ውስጥ የጉልበት ሠራተኞች ሆኑ። ሞያውን የሚያውቁትና በአለቃነት የሚያዙት አብዛኞቹ ከዌልስና ከእንግሊዝ የመጡ ፕሮቴስታንቶች፣ አየርላንዳውያኑ ግን ካቶሊኮችና ድኆች ስለ ነበሩ፣ ከአባቶቻቸው አገር ይዘውት የመጡት ቂም በአዲሱ አገር ማገዶ አላጣም። በ1869 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአቨንዴል ጉድጓድ እሳት ተነሥቶ፣ መውጫው አንድ ብቻ ስለ ነበረ 110 ሰዎች አለቁ፤ ሁለተኛ መውጫ እንዲኖር የሚያስገድደው ሕግ የወጣው እነዚህ ሰዎች ከተቀበሩ በኋላ ነው።

ሞሊ ማጓየርስ የሚባለው የምሥጢር ማኅበር የተነሣው ከእንዲህ ያለው ኑሮ ነው። ስሙ ከአየርላንድ የመጣ ሲሆን፣ በዚያ በ1840ዎቹ ዓመታት የባለ ርስቶች ወኪሎች ጢሰኛውን ከመሬቱ በነቀሉ ጊዜ፣ የሴት ልብስ የለበሱ ወንዶች በሌሊት እየመጡ ይበቀሉ ነበር። በፔንስልቬንያ ግን፣ እንደ ከሳሾቹ አባባል፣ ማኅበሩ የተሰወረው ለመረዳዳትና ሙታንን ለመቅበር በግልጽ በቆመው የአየርላንዳውያን ማኅበር ጥላ ሥር ሲሆን፣ የብቀላው ሥርዓት እጅግ ጥንቃቄ የተደረገበት ነበር። አንድ ከተማ የሚጠላውን ሰው ራሱ አይገድልም፤ ፊታቸው በአካባቢው የማይታወቅ ሰዎች ከሌላ ከተማ ይመጡለታል፤ እርሱም በተራው ብድሩን ይመልሳል። ቤንጃሚን ዮስት የተባለው የታማኳ ከተማ ፖሊስ በጁላይ 6 ቀን 1875 ሌሊት የመንገዱን ፋኖስ ለማጥፋት መሰላል ላይ እንደ ወጣ በጥይት ተመትቶ ወደቀ። በኋላ በችሎት እንደ ተመሰከረው፣ የገደሉት ሰዎች ከላንስፎርድ አካባቢ የመጡ እንጂ ከእርሱ ጋር አንዳች ጠብ የነበራቸው አልነበሩም፤ ለዚህ ውለታ በለውጥ የተሰጠውም የላንስፎርዱ የከሰል ማውጫ አለቃ የጆን ጆንስ ነፍስ ሲሆን፣ እርሱም በሴፕቴምበር 3 ቀን በዚያው ዓመት ወደ ሥራው ሲሄድ ተገደለ።

ይህን ማኅበር ከውስጡ ለማፍረስ ያሰበው የፊላደልፊያና ሬዲንግ ባቡር ኩባንያ ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ጎወን ነው። ጎወን ቀድሞ በዚያው አውራጃ ዐቃቤ ሕግ የነበረ፣ አንደበቱ የሰላ፣ የከሰሉን ምድር ሁሉ በኩባንያው እጅ ለማድረግ የሚተጋ ሰው ነበርና፣ በ1873 ዓ.ም. ከአለን ፒንከርተን የምርመራ ድርጅት ጋር ተዋውሎ ሰላይ አስመጣ። የተመረጠውም ጄምስ ማክፓርላንድ በአየርላንድ በአርማ አውራጃ የተወለደ፣ ካቶሊክ፣ በቺካጎ የነበረው የመጠጥ መደብር በ1871 ዓ.ም. በተነሣው ታላቅ እሳት የተቃጠለበት፣ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ጎልማሳ ነበር። ጄምስ ማኬና በሚል ሐሳዊ ስም ወደ ፖትስቪል ገብቶ በመጠጥ ቤት ዘፈነ፣ ጨፈረ፣ ጠጣ፣ ተደባደበ፤ በበፋሎ ከተማ ሰው ገድሎ የሸሸና በሐሰተኛ ገንዘብ የሚኖር መሆኑንም በጆሮ ሹክሹክታ አስወራ። ወንጀለኛ መስሎ መታየቱ ለመታመን በቃው። በኤፕሪል 1874 ዓ.ም. በሸናንዶዋ ከተማ በጉልበቱ ተንበርክኮ የማኅበሩን መሐላ ፈጸመ፤ ማንበብና መጻፍ ያውቅ ስለ ነበረም ጸሐፊ ሆኖ ተሾመ።

ከዚያ ወዲያ ይህ ሰው ሁለት ዓመት ያህል በሁለት መሐላ መካከል ኖረ፤ ቀን ከወንድሞቹ ጋር ሲበላና ሲጠጣ ውሎ፣ ሌሊት ስማቸውን ለይቶ ለአለቆቹ ወደ ፊላደልፊያ ይጽፍ ነበር። ሰውነቱ ይህን ኑሮ አልተሸከመም፤ ጠጉሩ ረገፈ፣ ዓይኑም ደከመ። በኋላም ጠበቆች በችሎት ፊት አቁመው፣ የግድያ ምክር ሲመከር አብሮ ተቀምጦ ሳለ ሟቾቹን ስለምን እንዳላስጠነቀቃቸው ሲጠይቁት፣ ጊዜና መንገድ አላገኘሁም ብሎ መለሰ። መልሱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ዝም ማለት የሥራው ክፍል ከሆነበት ሰው አጠገብ የተገደሉት ሰዎች ደም በእርሱም ላይ የሚጠይቀው ነገር አለ ብዬ አምናለሁ።

የታሪኩ እጅግ መራራ ክፍል ዊጋንስ ፓች በተባለው መንደር የሆነው የሌሊት ግድያ ነው። በ1875 ዓ.ም. ከስድስት ወር ሥራ ማቆም በኋላ የሠራተኞቹ ማኅበር በረኃብ ተሸንፎ ፈርሶ ነበር፤ በኦገስት መጨረሻ ላይ አለን ፒንከርተን ለድርጅቱ ኃላፊ ለጆርጅ ባንግስ በጻፈው ደብዳቤ፣ በሕግ የማይደረስባቸውን ሞሊዎች የሚቀጣ የጭፍራ ኮሚቴ እንዲቋቋም መከረ። በዲሴምበር 10 ቀን ጎሕ ሳይቀድ ፊታቸውን የሸፈኑ ሰዎች በመንደሩ የሚኖረውን ኦዶኔል የተባለ ቤተሰብ ቤት ሰብረው ገቡ፤ ቻርልስ ኦዶኔልን አውጥተው ገደሉት፤ ፀንሳ የነበረችው ኤለን ማክአሊስተርም በጥይት ተመትታ ሞተች። ማክፓርላንድ በቤቱ የሚያድሩትን ወንዶች በሌላ ግድያ ጠርጥሮ ስማቸውን ልኮ ነበርና፣ ወሬውን በሰማ ጊዜ በታላቅ ቁጣ ለአለቆቹ ጽፎ፣ በሴት መገደል ተባባሪ ለመሆን እንዳልገባና ሥራውን ለመተው እንደሚፈልግ አስታወቀ። ለዳኛ የተሰበሰበው ምስክርነት ከመንገዱ ወጥቶ ጭንብል ለለበሰ በቀለኛ እጅ ቢደርስ፣ ሰላዩ ሊያጠፋው ለመጣው የደም ብድር ራሱ መሣሪያ ሆኖ ይገኛል። በዚያ ሌሊት ግድያ የተፈረደበት አንድ ሰው እንኳ የለም።

በ1876 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ተጠርጥሮ ከሸሸ በኋላ፣ ማክፓርላንድ በሜይ ወር በእውነተኛ ስሙ ለምስክርነት ቆመ። ተከሳሾቹን የያዛቸው የኩባንያዎቹ የራሳቸው የከሰልና የብረት ፖሊስ፣ የመረመረው በኩባንያው ገንዘብ የተቀጠረ ድርጅት፣ ከከሳሾቹም አንዱ ራሱ ጎወን ነበር፤ ከሕዝብ በተመረጡት ፈራጆች መካከል የአየርላንድ ካቶሊኮች እንዳይገቡ ተደርጎ፣ እንግሊዝኛ በደንብ የማይሰሙ ጀርመናውያን ተቀመጡ። የፊላደልፊያው ሊቀ ጳጳስ ጄምስ ዉድ ማኅበሩን አስቀድሞ አውግዞ ስለ ነበር፣ ተከሳሾቹ ከቤተ ክርስቲያናቸውም የሚደርስላቸው ጥቂት ነበር። በጁን 21 ቀን 1877 በአንድ ቀን አሥር ሰዎች በፖትስቪልና በማች ቸንክ ተሰቀሉ፤ በጠቅላላውም የተሰቀሉት ሃያ ናቸው። ከእነርሱ መካከል ነፍሰ ገዳዮች መኖራቸውን አልክድም፤ ነገር ግን ባለ ጠጋ ከሳሽ ከድኃ ጋር በተሟገተበት በዚያ ሸንጎ ማን ንጹሕ፣ ማን በደለኛ እንደ ነበረ መለየት ከቶ አይቻልም።

የጂራርድቪሉ ባለ መጠጥ ቤትና የኤለን ማክአሊስተር እኅት ባል የሆነው ጆን ኬሆ በዲሴምበር 1878 ዓ.ም. ተሰቅሎ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ በ1979 ዓ.ም. ከግዛቱ አገረ ገዥ ምሕረት ተሰጠው። ጎወን በ1889 ዓ.ም. በዋሽንግተን ከተማ በአንድ ሆቴል በጥይት ሞቶ ሲገኝ፣ ሕዝቡ የሞሊዎች ብቀላ ነው ብሎ አወራ፤ ምርመራው ግን ራሱን የገደለ መሆኑን አስረዳ። ማክፓርላንድም በምዕራቡ አገር የፒንከርተን ሹም ሆኖ አርጅቶ ሳለ፣ በ1907 ዓ.ም. በአይዳሆ የሠራተኞቹን መሪ ቢል ሄይዉድን በዚያው በቀድሞው ብልሃት፣ ወንጀሉን በተናዘዘ ነፍሰ ገዳይ ምስክርነት ሊያስፈርድበት ሞከረ፤ የአይዳሆ ሕግ ግን የግብረ አበር ቃል በሌላ ማስረጃ ካልተደገፈ አይበቃም ይል ስለ ነበር፣ ፈራጆቹ ተከሳሹን በነጻ አሰናበቱት።