ፈቃድ የማይጠይቅ ሞገድ ከለላም አይሰጥም

ባለፈው ክረምት አሜሪካ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ደወለልኝ፡፡ የሚሠራው ለገጠር እርሻዎችና ለትናንሽ ከተሞች በሬዲዮ ኢንተርኔት በሚያደርስ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ነው፤ ማማ ላይ እየወጣ አንቴና ይሰቅላል፡፡ «ጋሼ፣ እርስዎ ሕግ ተምረዋል፤ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለኝ፡፡ ሁለት ዓመት ያለ እንከን የሠራው የ10 ኪሎ ሜትር መስመራቸው፣ ሌላ ድርጅት እዚያው አካባቢ ባለ የእህል ጎተራ አናት ላይ የራሱን ሬዲዮ ከሰቀለ ወዲህ ማታ ማታ እየተቆራረጠ ደንበኞች ይጮሁባቸዋል፡፡ «ቀድመን የመጣነው እኛ ነን፡፡ መክሰስ አንችልም?»

እዚህ አገር ሕግ እንደተማረ ሰው መጀመሪያ ትዝ ያለኝ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ነው፡፡ ቁጥር 1149 በይዞታው ላይ ሁከት የተነሳበት ሰው «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ እንዲከስ ይፈቅድለታል፡፡ ቁጥር 1225 ደግሞ ባለሀብት በጭስ፣ በጥላሸት፣ በመጥፎ ሽታና በጩኸት ጎረቤቱን ከልክ በላይ እንዳያውክ ይከለክላል፡፡ የሬዲዮ ጩኸትም ጩኸት ነው ብዬ ልከራከር ትንሽ ዳድቶኝ ነበር፡፡ ነገር ግን መልሱ «አትችሉም» የሚል ነው፡፡ ድርጅቱ በዚያ ሞገድ ላይ የመጠቀም ፈቃድ እንጂ ይዞታ ኖሮት አያውቅም፡፡

ጉዳዩን ለማያውቁ አንባቢያን ጥቂት ማስረዳት ይኖርብኛል፡፡ ባለሙያዎች «ባክሆል» የሚሉት ከደንበኞች አካባቢ የተሰበሰበውን መረጃ ሁሉ ወደ ዋናው መረብ የሚያመላልሰውን መስመር ነው፡፡ በውኃ ብንመስለው፣ ቤታችን የሚገባው ቀጭኑ ቧንቧ ሳይሆን ወደ ሰፈሩ የሚመጣው ዋናው ቧንቧ ነው፤ እሱ ሲዘጋ የሚደርቀው ሰፈሩ በሙሉ ነው፡፡ የቃጫ መስመር፣ ማለትም ፋይበር፣ ባልደረሰበት ቦታ ይህን ሥራ ሁለት ማማዎች ላይ ፊት ለፊት የተተከሉ ሬዲዮዎች ይሠሩታል፡፡ ለዚህ የሚሆን ሞገድ በፈቃድ ማግኘት ይቻላል፤ ያለ ፈቃድ የሚሠራበትም አለ፡፡ የእህቴ ልጅ ድርጅት የመረጠው ሁለተኛውን፣ የ5.8 ጊጋኸርዙን ነው፡፡ ርካሽ ነው፤ ዛሬ ተገዝቶ ነገ ይሰቀላል፡፡

ይህ ዓይነቱ ሞገድ አመጣጡ ራሱ የሚያስተምር ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1947 በአትላንቲክ ሲቲ የተካሄደው ዓለም አቀፍ የቴሌኮሙኒኬሽን ጉባዔ አንዳንድ የሞገድ ክልሎችን ለኢንዱስትሪ፣ ለሳይንስና ለሕክምና መሣሪያዎች መደበ፡፡ ምግብ የምናሞቅበት ማይክሮዌቭ ምድጃም የሚሠራው በዚያ ውስጥ ነው፡፡ እዚያ ሬዲዮ የሚያሠራ ቢኖር የምድጃውን ረብሻ ችሎ ይኑር ተባለ፡፡ በመሆኑም ክልሎቹን እንደ ቆሻሻ መጣያ ነበር የሚመለከቷቸው፡፡ በግንቦት 1985 (እ.ኤ.አ.) ግን የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ ማይክል ማርከስ የተባሉ መሐንዲሱ ሲገፉበት የቆየውን ሐሳብ ተቀብሎ፣ የተወሰነ ቴክኒክ የሚጠቀሙ ሬዲዮዎች በ900 ሜጋኸርዝ፣ በ2.4 እና በ5.8 ጊጋኸርዝ ክልሎች ያለ ፈቃድ እንዲሠሩ ፈቀደ፡፡ ዛሬ በየቤቱ ያለው ዋይ ፋይ የዚያ ውሳኔ ልጅ ነው፡፡

ታዲያ ነፃነቱ ሁለት ግዴታዎች አሉበት፡፡ ያለ ፈቃድ የሚሠራ መሣሪያ ሌላውን ጎጂ በሆነ ሁኔታ ማወክ የለበትም፤ ከሌላ የሚደርስበትን ሁከት ደግሞ፣ ሥራውን የሚያበላሽበት ቢሆንም እንኳ፣ መቀበል አለበት፡፡ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ላፕቶፕ ካለዎት ሆዱን ገልብጠው ወይም መመሪያውን ገልጠው ደቃቁን ጽሑፍ ያንብቡት፤ ይህንኑ ይላል፡፡ እኔ ብዙ ውል አንብቤአለሁ፤ አንዱ ወገን መብቱን ሁሉ በሁለት መስመር የሚተውበት እንዲህ ያለ ግልጽ ሰነድ ግን ብዙም አላጋጠመኝም፡፡ ቀድሞ መምጣት እዚህ ዋጋ የለውም፡፡ ዋጋ የሚኖረው በፈቃድ በሚሠራበት የማይክሮዌቭ መስመር ላይ ነው፤ እዚያ አዲስ መጪ ከመትከሉ በፊት ነባሮቹን እንደማያውክ አስቀድሞ ማስተባበር አለበት፡፡ ገንዘብና ጊዜ የሚከፈለውም ለዚሁ ነው፡፡

የመጀመሪያው ግዴታ ቀልድ እንዳልሆነ ያሳየው የፖርቶ ሪኮ ጉዳይ ነው፡፡ ከላይ ያነሳሁት ውሳኔ በተሰጠ በሦስተኛው ወር፣ ነሐሴ 1985፣ የዴልታ በረራ 191 ዳላስ ሲያርፍ ከደመና በድንገት ቁልቁል በወረደ ነፋስ ተመትቶ 137 ሰዎች አለቁ፡፡ እንዲህ ያለውን ነፋስ ቀድሞ የሚያይ የአየር ሁኔታ ራዳር በአሜሪካ ትልልቅ አውሮፕላን ማረፊያዎች አካባቢ እንዲተከል ካስገደዱት አደጋዎች አንዱ ይህ ነበር፡፡ ራዳሩ የሚሠራው ከ5600 እስከ 5650 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2009 የሳን ሁዋኑ ራዳር ታወከ፡፡ ምንጩ ሲፈለግ የተገኙት ማማና ሕንፃ ላይ የተሰቀሉ፣ ፈቃድ የማይጠይቁ የኢንተርኔት ሬዲዮዎች ነበሩ፡፡ እነዚህ መሣሪያዎች ራዳር ሲሰሙ ሞገዱን ለቀው እንዲሄዱ በሕግ ይገደዳሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ይህ ችሎታቸው በትክክል አልሠራም፣ ወይም ሰቃዮቹ ሶፍትዌሩ ላይ ሌላ አገር መርጠው አጥፍተውት ነበር፡፡ በአስር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ቅጣት ተከተለ፡፡ ከራዳሩ በ35 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያሉ ሬዲዮዎችም ከራዳሩ ሞገድ ቢያንስ 30 ሜጋኸርዝ እንዲርቁ ተባለ፡፡ የአንድ ማውጫ ሁለት ፊደል መቀየር አብራሪ የሚያየውን ማዕበል ሊጋርድ ይችላል ብሎ ማን ያስባል?

«እንግዲያው ሆን ብሎ ቢያውከንስ?» አለኝ ልጁ፡፡ ጥሩ ጥያቄ ነው፡፡ ሆን ብሎ ማወክ ሌላ ጉዳይ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2014 ማሪዮት የሆቴል ድርጅት በናሽቪል በሚያስተዳድረው ሆቴል የእንግዶችን የግል ዋይ ፋይ በመሣሪያ ይቆርጥ ስለነበር 600 ሺሕ ዶላር ከፍሏል፡፡ ጎረቤት ግን የራሱን ሥራ ለመሥራት ሬዲዮ ስለሰቀለ ብቻ ሆን ብሎ አወከ አይባልም፡፡

ቁጥር የማይወዱ ይህን አንቀጽ ይዝለሉት፡፡ በ5.8 ጊጋኸርዝ 10 ኪሎ ሜትር የተጓዘ ምልክት በመንገድ ላይ 128 ዲሲቤል ያህል ይደክማል፡፡ በሁለቱም ጫፍ ጥሩ ሳህን ካለ ተቀባዩ ዘንድ ከዜሮ በታች 45 ዲቢኤም ሆኖ ሊደርስ ይችላል፡፡ አየሩ ጸጥ ያለ ቢሆን በ20 ሜጋኸርዝ ቻናል ውስጥ ያለው የተፈጥሮ ጩኸት ከዜሮ በታች 96 ገደማ ስለሆነ 51 ዲሲቤል የሚያህል ሰፊ ልዩነት አለ፡፡ ጎረቤቱ ጩኸቱን ከዜሮ በታች 70 ላይ ሲያደርሰው ግን የሚተርፈው 25 ብቻ ነው፤ ሬዲዮውም ፍጥነቱን እየቀነሰ ይንፏቀቃል፡፡ የሚያሳስተው ነገር መለኪያው አሁንም 45 ማሳየቱ ነው! ምልክቱ ሙሉ፣ ኢንተርኔቱ ባዶ፡፡ ቻናሉን በእጥፍ ማስፋትም መፍትሔ የሚመስል ወጥመድ ነው፤ እያንዳንዱ እጥፍ 3 ዲሲቤል ተጨማሪ ጩኸት ይዞ ይገባልና፡፡

ሁከቱ የሚሰማው በተቀባዩ ጆሮ ስለሆነ ከላኪው ማማ ላይ ሆኖ መለካት ዋጋ የለውም፡፡ ሁለቱም ጫፍ መለካት አለበት፤ ያውም ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ኢንተርኔት በሚከፍትበት በምሽቱ ሰዓት፡፡ ኃይል መጨመር ደግሞ ሠርግ ቤት ውስጥ እንደመጮህ ነው፤ አጠገብህ ያለውም ይጮህና መጨረሻ ላይ የሚሰማ ይጠፋል፡፡ ከዚያ ይልቅ ትልቅ ሳህን መግጠም ይበጃል፡፡ ትልቅ ሳህን ወደ አንድ አቅጣጫ ጠበብ አድርጎ ስለሚያይ የጎን ጩኸት ብዙም አይሰማም፡፡ ቻናሉን ማጥበብም ይረዳል፡፡ ርቀቱ አጭር ከሆነ ወደ 60 ጊጋኸርዝ መሄድ ይቻላል፤ እዚያ ኦክስጅን በየኪሎ ሜትሩ 15 ዲሲቤል ያህል ስለሚውጥ ሩቅ አያደርስም፣ የሩቅ ጎረቤትም አያውክም፡፡ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2020 በ6 ጊጋኸርዝ አካባቢ 1200 ሜጋኸርዝ ያለ ፈቃድ ከፍታለች፤ ነገር ግን በዚያ ክልል የቆዩ ባለፈቃድ የማይክሮዌቭ መስመሮች ስላሉ ከቤት ውጭ በሙሉ ኃይል የሚሠራ ሬዲዮ የትኛው ሞገድ ነፃ እንደሆነ ከማስተባበሪያ ሥርዓት መጠየቅ አለበት፡፡ እንደ እኔ አስተያየት ግን መቋረጥ የማይችል አገልግሎት፣ የሆስፒታል ወይም የባንክ መስመር ከሆነ፣ በፈቃድ የሚሠራውን መግዛት ከሁሉም ይቀላል፡፡

ይህን ጽሑፍ አንብበው አዲስ አበባ ያሉ ሁለት ቢሮዎቻቸውን ለማገናኘት ሳህን ለመግዛት ለሚያስቡ አንድ ነገር ልበል፡፡ «ፈቃድ የማይጠይቅ» የሚለው ቃል የአንድን አገር የሞገድ ሕግ ይገልጻል እንጂ ከዕቃው ጋር በካርቶን ተጭኖ አይመጣም፡፡ የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ያለ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ ማስመጣትንና መጠቀምን ወንጀል አድርጎ እንደደነገገ አይዘንጉ፡፡ ሞገዱ መፈቀዱ አንድ ጥያቄ ነው፤ መሣሪያው አገር መግባቱ ሌላ፤ በዚያ መስመር ለሌላ ሰው አገልግሎት መሸጥ ደግሞ ሌላ፡፡ ሳህኑን ከመግዛትዎ በፊት በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን መጠየቅ ይኖርብዎታል፡፡

የእህቴን ልጅ ጠበቃ ሳይሆን ስልክ ያዝ አልኩት፡፡ ደወለላቸው፡፡ የዚያኛው ድርጅት ሰውም ለካ ማታ ማታ መስመሩ እየተቆራረጠበት እነሱን ይረግም ኖሯል፡፡ ቻናሎቹን ተከፋፍለው በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ፈረሙ፡፡ ወረቀቱን ልኮልኝ አይቼዋለሁ፤ ሦስተኛ ድርጅት ቢመጣ ምን እንደሚደረግ የሚል አንቀጽ የለውም፡፡